የሰባ ሰባት ጥጋበኞች

በሱዳኗ ገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ አያ ባንታምላክን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከመተማ የገባ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። ሥራው ጆንያ መስፋት ነው። ተሸካሚዎቹ ሰሊጥ የተሞላውን ጆንያ ፊቱ ያቆሙለታል፤ እሱም በረጅም መርፌና በሲባጎ አፉን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። የጆንያ አፍ በመዝጋት የሚተካከለው የለም። የራሱን አፍ መዝጋት ግን እናቱም አላስተማረችው፣ ገበያውም አላስተማረው። ጧት የጀመረውን ወሬ ማታ መርፌውን ቆቡ ላይ ሰክቶ ወደ ቤቱ ሲሄድም አይጨርሰውም።

ጆንያው እንጀራው ነው እንጂ ክብሩ አይደለም። ክብሩ ዘር መቁጠር ነበር። የጎንደር ሰው ሰባት ቤት ሳይቆጥር አይጋባም። አገር ቤት ቢሆን ይህ ቀላል ነው፤ አክስት ይጠየቃል፣ የንስሐ አባት ይጠየቃል፣ ነገሩ ይጣራል። ድንበር ተሻግሮ ለአረም መጥቶ እዚያው ለቀረ ሰው ግን ማን ይቁጠርለት? አያ ባንታምላክ ይቆጥርለታል። የአርማጭሆውን ከቋራው፣ የጭልጋውን ከደንቢያው እያገናኘ፣ «የአንተ ቅድመ አያት እኮ ከእሷ አያት ጋር የአጎት ልጆች ነበሩ» ብሎ ድንኳን የተጣለለትን ሰርግ ያስፈርሳል። ተሳስቶ አያውቅም ይባላል። እንዴት ይሳሳታል? ምስክሮቹ ሁሉ ሞተዋል። በዚህ ሥራው በየሰርጉ ከቄሱ ቀጥሎ ይቀመጥ ነበር፤ የእጅ ማስታጠቢያም ከቄሱ ቀጥሎ ወደ እሱ ይመጣ ነበር።

ኋላ ግን ዘመኑ ከዳው። ሱዳን የተወለዱት ልጆች በስልክ ይተዋወቃሉ፣ በስልክ ይጣላሉ፣ በመሀሉ ደግሞ ይጋባሉ። የካርቱም ጦርነት ሰውን ሁሉ ወደ ገዳሪፍ ካፈሰሰውና የቤት ኪራይ ሰማይ ከነካ ወዲህማ ብሶባቸዋል። አንዱን ጎረምሳ ጠርቶ ስለ ሰባት ቤት ቢመክረው፣ «ያ ዙል፣ አንተ ሰውየ፣ ሰባት ቤት ትለኛለህ? እኛ አንድ ቤት መከራየት አቅቶናል» ብሎት ሄደ። አያ ባንታምላክ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰርግ ቤት መቀመጫው ወደ በሩ እየቀረበ መጣ። ሰው እንዳይመስለው ይስቅ ነበር እንጂ ውስጡ ቆስሏል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ስኳር ያዘው። ሚስቱ በላይነሽ ጥቂት የምትናገር፣ የተናገረችውን ግን የምታስፈጽም ሴት ናት። «ትምህርቱን ትሄዳለህ» አለችው። ትምህርቱ ዶክቶራ ዘሐራ የምትሰጠው ነው። ዶክቶራ ዘሐራ ከካርቱም የተፈናቀለች ሐኪም ናት፤ በሳምንት አንድ ቀን በአንድ የዕድር ግቢ ውስጥ ስኳርና ደም ብዛት ያለባቸውን ሰብስባ ታስተምራለች። እሷ በዐረብኛ ትናገራለች፣ የአያ ባንታምላክ ልጅ ዙፋን ወደ አማርኛና ወደ ትግርኛ ትመልሳለች። ዙፋን ሱዳን ያደገች ስለሆነች ዐረብኛው ከአፏ ሲወጣ የሐኪሟ እህት ትመስላለች።

በዚያ ቀን ነገሩ ከስኳር አልፎ ሄደ። ዶክቶራ ዘሐራ እንዲህ አለች። በሰውነታችን ውስጥ ሁሉ ከእናትና ከአባት የወረስነው የሥራ መመሪያ አለ፤ ዲኤንኤ ይባላል። የመመሪያው አንዱ ክፍል ጂን ነው። ጉበትም ዓይንም ያላቸው ያንኑ አንድ መመሪያ ነው። ጉበት ዓይን ሆኖ የማያርፈው፣ ለእሱ የማያስፈልጉት ክፍሎች ዝም እንዲሉ ስለሚደረጉ ነው። ዝም ከሚያሰኙት አንዱ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል ነው፤ ጂኑ ላይ ይለጠፋል። ጂኑ አይለወጥም፤ ግን አይነበብም።

አያ ባንታምላክ ብድግ አለ። «እንደ ጆንያ ማለት ነዋ! እህሉ ያው እህል ነው፤ አፉ ግን ተሰፍቷል።»

ዙፋን አፍራ ተረጎመችለት። ዶክቶራ ዘሐራ ግን ሳቀችና፣ «ተማም! ልክ ነው» አለች። ሐኪም በሰው ፊት ልክ ነህ ያለችው ሰው ከዚያ በኋላ ማን ይችለዋል?

ትምህርቱ ቀጠለ። ይህ መዝጊያ ያለ ቦታው ሲለጠፍ ወይም ከቦታው ሲነሳ በሽታ ሊመጣ ይችላል። የሴልን እድገት የሚገታው ጂን ከተዘጋ፣ ሴሉ ልጓም እንደሌለው በቅሎ ይሮጣል፤ ካንሰርም ከዚያ ሊነሳ ይችላል። ረሃብም ምልክት ይተዋል። በአውሮፓ በጦርነት ዘመን በአንድ የብርድ ወራት ከባድ ረሃብ ወርዶ ነበር፤ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ከነበሩ እናቶች የተወለዱ ሰዎች ስድሳ ዓመት ሞልቷቸው ደማቸው ሲታይ፣ ማህፀን ሳሉ የተለጠፈው ምልክት ተገኘ። ለስኳርና መሰል በሽታዎችም ከሌላው ሰው ይልቅ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ።

እዚህ ላይ ሻሂ መጣና እረፍት ሆነ። ዶክቶራ ዘሐራ ከሻሂ በኋላ የምትናገረው ሌላ ግማሽ ነበራት። አያ ባንታምላክን ግን ግማሹ በቃው። ስኳር ያለበት ሻሂ ተከልክሏል፣ ስኳር የሌለው ሻሂ ደግሞ አይወድም፤ ስለዚህ ተነስቶ ወደ ገበያ ከነፈ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእሱ ነው።

«ሰባት ቤት ድሮ ቀረ!» አለ ገበያ መሀል ቆሞ። «ከእንግዲህ የሚቆጠረው ረሃብ ነው። የተራበች እናት የወለደችው ሰው ዘሩ ላይ ተፈርሞበታል። የተፈረመበትን ያገባ፣ በሽታውን አብሮ አገባ።»

መጀመሪያ ተሳለቁበት። «ዶክተር ናት ያለችው፣ እኔንም ልክ ነህ ብላኛለች» ሲል ግን ሳቁ ቆመ። የእኛ ሰው ቄስ ቢነግረው ይከራከራል፣ ሽማግሌ ቢመክረው ያቅማማል፤ ዶክተር አለች ከተባለ ግን ጫማውን አውልቆ ይሰማል። ሳምንት ሳይሞላ፣ ልጅ ልናጋባ ነው ያለ ሁሉ እንደ ድሮው ወደ አያ ባንታምላክ መምጣት ጀመረ። እሱም ጆንያውን እየሰፋ ይመረምር ነበር። «እናቱ አርግዛው ሳለች ምን በላች? ስንት ጊዜ ደነገጠች? አያቱስ?» አንዱን የባለሦስት ጎማ ረክሻ ሾፌር፣ አያቱ እርጉዝ ሆና ጅብ አስደንግጧታል ብሎ ከለከለው። ጅቡ አያትየውን አልነካትም ነበር፤ የልጅ ልጇን ሰርግ ግን በላው። አንዷን ደግሞ አባቷ በደርግ ጊዜ ታስሮ ስለነበር «የፍርሃት ፊርማ አለባት» አላት። ልጅቷ ገበያ ውስጥ ከማንም ጋር ተጣልታ የማትሸነፍ፣ ፖሊስ የሚፈራት ሴት ናት።

ከዚያማ ሰው ረሃቡን መደበቅ ያዘ። ይህ በሕዝባችን ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። እኛ ረሃባችንን ተርከን የማንጠግብ ሰዎች ነን። በስደተኛ ካምፑም ቢሆን ስንዴና ዘይት ለማግኘት መጀመሪያ መራብህን በደንብ ማስረዳት አለብህ። አሁን ግን አንድ ቤተሰብ ጧት በእርዳታ መዝጋቢው ፊት ቆሞ «በሦስት ትውልድ ጠግበን አናውቅም» ይላል፤ ከሰዓት በኋላ አያ ባንታምላክ ፊት ተቀምጦ «በሰባ ሰባትማ ቅቤ ሰልችቶን ለውሻ እንሰጥ ነበር» ይላል። ያ አገር ምድሩን ያረገፈ ድርቅ በገዳሪፍ ጎንደሬዎች አፍ የሰርግ ዓመት ሆኖ አረፈው። አንዲት አሮጊት፣ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ በዚያ ዘመን ያልተራበ ማን ነበር?» ብለው እውነቱን ሊያወጡት ሲሉ፣ ልጆቻቸው «ትኩሳት ይዟቸዋል» ብለው ደግፈው ወደ ጓዳ አስገቧቸው። ትኩሳት አልነበራቸውም።

በዚህ ሁሉ ምርመራ ያለ እንከን ያለፈ አንድ ቤት ብቻ ተገኘ፤ የታምሬ ቤት። የታምሬ አያት መተማ ላይ እህል ነጋዴ ነበሩ። በክፉው ቀን ጎተራቸውን ዘግተው፣ አንድ ቁና ማሽላ በአንድ በሬ የለወጡ ሰው ናቸው። ቤታቸው ሰባ ሰባትን በስጋ ነው ያሳለፈው። ታምሬ ራሱ ገዳሪፍ ውስጥ መጋዘን አለው፤ ገና በሠላሳ ዓመቱ ስኳሩ ከአያ ባንታምላክ ይበልጣል፣ ከመጋዘኑ እስከ መኪናው ሲሄድ ሁለት ጊዜ ያርፋል። አያ ባንታምላክ ግን፣ «ንጹሕ ዘር! ምንም ያልተፈረመበት!» እያለ በየሄደበት ያመሰግነዋል። ያመሰገነውም በከንቱ አልነበረም፤ ለዙፋን አስቦት ነው።

ዙፋን ደግሞ ሌላ ሰው አስባለች። ፍሰሃ ይባላል። በጦርነቱ ጊዜ ከትግራይ ሸሽቶ መንደር 8 በሚባለው የስደተኛ መቀበያ በኩል የገባ ልጅ ነው፤ አሁን ገዳሪፍ ውስጥ የረክሻ ሞተር ይጠግናል። አክስቱን ለተሰንበትን ወደ ስኳር ትምህርቱ ይዟት ይመጣ ነበር። አክስቱ ያልጠየቀችውን ጥያቄ እሱ ይጠይቃል፣ ሐኪሟ ያልሰጠችውን መልስ ዙፋን ትጨምርበታለች፤ ሌሎቹ በሽተኞች ይህን እያዩ በዚያ ትምህርት ደም ብዛታቸው ሳይቀንስ አይቀርም። ዙፋን ለእናቷ በግልጽ ነገረቻት። «እማየ፣ ፍሰሃን ካልሆነ ማንንም አላገባም። አባየ ከከለከለኝም ጠፍቼ አልሄድም፤ ተመርቄ ነው መሄድ የምፈልገው። ስለዚህ እንቢ ካለ፣ ቀረ ማለት ነው።» በላይነሽ ዝም ብላ ሰማቻት። ዝም አይነቅዝም ብላ ነው የኖረችው።

የፍሰሃ ሽማግሌዎች መጡ። ዋናው ኣቦይ ኣረጋዊ ናቸው፤ በካምፑ ሁለት ጠበኞች ከተገኙ መሀላቸው የሚቆሙ፣ ቀጥ ያሉ ሰው። እንደ ደንቡ በሩ ላይ ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጅ» አለ አያ ባንታምላክ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጅህን ለልጃችን ፈልገን ነው የመጣነው።»

ሰፈሩ በአጥር ቀዳዳ ያዳምጥ ነበር። የጎንደርና የትግራይ ሰው በዚያ ጦርነት የተቀያየመውን አሁን ሊያነሳው ነው ብሎ ሁሉም ጠበቀ። አያ ባንታምላክ ግን ከዚህ ሁሉ ርቋል።

«እኔ ዘረኛ አይደለሁም» አለ። «ከየትም ይምጣ። እኔ የምጠይቀው ሳይንስ ነው። እናቱ በየት ተወለደች?»

ኣቦይ ኣረጋዊ ነገሩን ቀድመው ሰምተዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ቅቤና ማር ያወራ ነበር። እሳቸው ግን መዋሸት አያውቁበትም። «ሓቂ ልንገርህ። በሰባ ሰባት እናቷ ነፍሰ ጡር ሆና ከእኛ ጋር በእግር መጣች። ድንበሩን ተሻግረን ወድ ኤል ሒለው ስንደርስ ወንዙ ዳር ወለደቻት። በመንገድ የበላችው ቅጠል ነበር። ድንጋጤ ካልኸኝ፣ አውሮፕላን ከላያችን ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጅቷ አድጋ ፍሰሃን ወለደች።»

አያ ባንታምላክ ጉልበቱን በእጁ መታ። «ረሃብ በእናቱ ላይ፣ ድንጋጤ በእናቱ ላይ! ኣቦይ ኣረጋዊ፣ አንቱን አከብራለሁ። ልጄን ግን እንዲህ ለተፈረመበት ዘር አልሰጥም።»

ኣቦይ ኣረጋዊ፣ «የዛሬ ሳምንት እንመለሳለን» አሉ። «ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሽማግሌ ግን ሦስተኛ ደጅ አይጠናም። አስብበት።»

በሩ እንደተዘጋ ዙፋን ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ያ ኣቡይ! ኸላስ፣ በቃ! ያን ትምህርት እኮ የተረጎምሁት እኔ ነኝ!»

«አሳምረሽ ነው የተረጎምሽው፤ ኮርቸብሻለሁ።»

«ግማሹን ነው የሰማኸው! ከሻሂ በኋላ ምን እንዳለች ታውቃለህ? ምልክቱ ፍርድ አይደለም አለች። ለበሽታ ያለህን ዕድል ከፍ ዝቅ ያደርገዋል እንጅ፣ ‹እገሌ ይታመማል› አይልም። አንዳንዱም ይነሳል፤ ሲጋራ የተወ ሰው ቀስ በቀስ ይለወጥለታል፤ ለአንዳንድ የደም ካንሰር ምልክቱን የሚያነሳ መድኃኒት አለ። ደግሞ ልጅ ሲጸነስ አብዛኛው የወላጅ ምልክት ይታጠባል። በሰው ልጅ ላይ ከአያት ለልጅ ልጅ ስለመተላለፉ ገና ማስረጃው ደካማ ነው አለች። አያቱን ስለጠየቅህ የምታውቀው ነገር የለም!»

«ልጄ፣ ከሻሂ በኋላ የተባለ ነገር አይያዝብኝም።»

«ጥጋብም ምልክት ይተዋል ብላለች፣ አባየ። ታምሬህን ንገረው።»

ይህ ትንሽ ነካው። ግን ገበያው በሙሉ እየሰማው፣ የሰርግ መቀመጫው ወደ ቄሱ አጠገብ እየተመለሰ፣ አሁን ተሳስቻለሁ ማለት እንዴት ይሆናል? ሰው አንድ ጊዜ አዋቂ ከተባለ በኋላ መሳሳት አይፈቀድለትም። ዙፋንን ይወዳታል፤ ይህን ማንም አይጠራጠርም፣ እሷም አትጠራጠርም። የሚያሳዝነውም እሱ ነው፤ የሚወዳትን ልጅ እያስለቀሰ የሚጠብቃት ይመስለው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ ከረሙ። ጆንያ ሲሰፋ ጣቱን ወጋ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከጀማሪነቱ ወዲህ ደርሶበት አያውቅም።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ፤ በሩ ላይ ቆሙ። አያ ባንታምላክ ያንኑ መልስ ሊደግም ጉሮሮውን ጠረገ።

«የዙፋን አባት» አለች በላይነሽ።

ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ሴቲቱ በሽማግሌ ፊት ተናግራ አታውቅም፤ አያ ባንታምላክ የታመመች መሰለው።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«የሰው ሁሉ ሆድ ቆጠርህ። የእኔ ቀረ። እኔንም ቁጠረኝ።»

ሊስቅ ሞከረ። «የአንችማ ቤት ይታወቃል። የደንቢያ ሰው፣ ሐይቅ ዳር፣ ምን ጎድሎት።»

«የእናቴን ቤት አላልሁህም። ዙፋንን ያረገዝሁ ጊዜ የት ነበርን?»

«አረም ላይ ነበርን፤ ከገዳሪፍ ወዲያ፣ ማሽላው እርሻ። ያ ክረምት የጠናበት ዓመት።»

«ጭቃው መንገዱን ዘጋው። የባለ እርሻው ትራክተር ስንቅ ማምጣት አቃተው። ለሁለታችን በቀን አንድ ሳህን የዓሲዳ ገንፎ ነበር የሚደርሰን። ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ። ግን እኔ ከአረም ስመለስ አንች ቀድመሽ…»

«‹በልቻለሁ› እልህ ነበር።»

 አጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች ጆሯቸውን ወደ ቀዳዳው አስጠጉ።

«መኮትኮቻው ከእጅህ ያመልጥ ነበር» አለች በላይነሽ። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «አንተ ከወደቅህ ሁላችንም ወደቅን። እኔ ተቀምጨ ነው የምውለው። እንግዲህ በልቻለሁ እያልሁህ ክረምቱ አለፈ። ዙፋን ስትወለድ የድመት ግልገል ታህል ነበር፤ አንተ ‹የእናቴን መልክ ይዛ መጣች፣ እናቴም ትንሽ ነበረች› አልህ። እኔም ይሁን ብየ ተውሁት።»

«የምትበዪ መስሎኝ ነበር» አለ አያ ባንታምላክ።

«እንዲመስልህ ነው ያልሁህ። አሁን ሳይንስህን ቁጠረው። ምልክት ካለ ያለው በልጅህ ላይ ነው፤ እሷ ያጣችውም አንተ ሆድ ውስጥ ነው። እነዚህ ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ንገራቸው እንጅ፤ ልጃቸውን ለተፈረመባት አይስጡ በላቸው።»

ያ የሰውን ዘር እስከ ሰባተኛው ድረስ የሚያውቅ ራስ፣ ያቺን አንድ ሳህን ሳይቆጥራት ኖሯል። አሁን ቆጠራት። ማታ ማታ ከአረም ሲመለስ በረሃብ ታውሮ ሳህኑን ሲጠርግ፣ እሷ ግድግዳው ሥር ሆዷን ይዛ ስታየው ታየው። በልቻለሁ ስትለው ያመናት ጎበዝ ዋሾ ሆና አልነበረም፤ ማመኑ ስለሚቀለው ነው። አፈረ። ከማፈሩም ይልቅ አዘነ፤ እስከ ዛሬ በጤና የቆመበት ጉልበት የማን እንደሆነ አሁን ገባው። ባለጅቡን የረክሻ ሾፌር አስታወሰው፤ በደርግ የታሰረውን ሰው ልጅ አስታወሳት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል የሚስቀው በሌላ ሰው ነበር።

ኣቦይ ኣረጋዊ በትራቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ። «እኛ እንኳ አንቆጥርም» አሉ ቀስ ብለው። «እኛ ከሰባ ሰባት የተረፈውን ነው የምንቆጥረው።»

 «ኣቦይ ኣረጋዊ፣ ተቀመጡ» አለ አያ ባንታምላክ። ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ሰውየው በዚያ ሁሉ ወሬ ዘመኑ ድምፁ ተሰብሮ አያውቅም። «ልጃችሁ ልጄ ነው። ስላመላለስኋችሁ ይቅር በሉኝ። በሰርጉ ላይ ከቄሱ አጠገብ ኣቦይ ኣረጋዊ ይቀመጡ፤ እኔ በሩ ጋ እቀመጣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ዙፋን ጓዳ ውስጥ አልቅሳ ፊቷን ታጥባ ወጣች፤ ሳቋን ለመደበቅ ብትታገልም አልሆነላትም። እንጀራ መሳዩን ኪስራና የሙላሕ ወጥ በትልቅ ሳህን አቀረበች። እንግዶቹ እጃቸውን ታጥበው ባለቤቱ እስኪጀምር ጠበቁ።

አያ ባንታምላክ ከኪስራው ቆረሰ፣ ወጡን አጥቅሶ ጠቀለለው። ወደ አፉ አላስጠጋውም። ተነስቶ ሽማግሌዎቹን አልፎ በላይነሽ ወደቆመችበት ወደ ጓዳው በር ሄደና እጁን ዘረጋላት። በላይነሽ በእንግዳ ፊት ጎርሳ አታውቅም፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

«በልቻለሁ» አለችው።

«አልበላሽም» አለ አያ ባንታምላክ፤ እጁንም አላወረደም።